በፐርሚት ካናዳ ድረስ መንዳት ይቻላል?

ጥያቄ፦ የሲያትል አባት

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 16 ዓመቱ ነው፣ የዋሽንግተን ስቴት ፐርሚት (የለማጅ ፈቃድ) አለው። በሚቀጥለው ወር ቫንኩቨር ሰርግ አለብን። ልጁ «እኔ ካልነዳሁ» ብሎ አላስቀምጥ አላስተኛ ብሎናል። እውነቱን ለመናገር ልምምዱም ያስፈልገዋል፣ 50 ሰዓት መሙላት አለበት፣ ከዚያ ውስጥ 10ሩ ማታ መሆን አለበት። ከሲያትል እስከ ድንበሩ 110 ማይል ገደማ ስለሆነ ደርሶ መልሱ ጥሩ ሰዓት ይይዝለታል ብዬ ነው። እናቱ ግን «ድንበር ላይ መሪ ይዞ ቢያገኙት ምን ይሉናል?» ብላ ፈርታለች። ጋቢና የምቀመጠው እኔ ነኝ። እኔና እሷ ግሪን ካርድ አለን፣ ልጁ እዚሁ ነው የተወለደው። የምታውቁ ንገሩኝ።

ሾፌሩ

ወንድሜ፣ ፐርሚት ማለት ዋሽንግተን በራሷ መንገድ ላይ እንዲለማመድ የሰጠችው ወረቀት ነው። ላይሰንስ አይደለም። ሌላ ስቴት እንኳን ሲገባ የዚያን ስቴት ሕግ ማየት አለብህ፣ እንኳን ሌላ አገር። ኢንተርናሽናል የሚባለውን መንጃ ፈቃድ አወጣለታለሁ ብለህም አትልፋ፣ እሱ የሚሰጠው ሙሉ ላይሰንስ ላለውና 18 ዓመት ለሞላው ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አንተ ላይሰንስ ካወጣህ ስንት ጊዜህ ነው? በዋሽንግተን ሕግ ከለማጅ አጠገብ የሚቀመጠው ሰው ቢያንስ 5 ዓመት የነዳ መሆን አለበት።

የሲያትል አባት

ኧረ! እኔ ገና 5 ዓመት አልሞላኝም። እናቱ ናት ከእኔ ቀድማ የመጣችው፣ እሷ ከሞላት ቆይቷል።

ሾፌሩ

በቃ፣ ጋቢናው የእሷ ነው። አንተ ከኋላ ሆነህ ዳቦውን ጠብቅ።

ቫንኩቨር ነኝ

እኔ የምኖረው ማዶ ነው። እዚህ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ጎብኚ በአገሩ ላይሰንስ እስከ 6 ወር መንዳት ይችላል፣ ፐርሚት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የእኛ ለማጆች ከመኪናው ኋላ ቀይ ኤል ይለጥፋሉ፣ አጠገባቸው የሚቀመጠውም 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ያንተ ልጅ በዚህ ሥርዓት ውስጥ የለም። ፖሊስ ቢያስቆመው ወይም ትንሽ ግጭት ቢደርስ ማን ምን እንደሚል ለማየት የሰርግ ቀን አይመረጥም። የግድ ይንዳ ካልክ የእኛን መንጃ ፈቃድ የሚሰጠውን አይሲቢሲን ቀድመህ ጠይቅና መልሱን በጽሑፍ ያዝ። እኔን ከጠየቅከኝ ግን ይቅርበት።

ደግሞ መንገዱም ለለማጅ አይመችም። ድንበሩን ስታልፉ ምልክቱ ሁሉ በኪሎ ሜትር ይሆናል። 100 ሲል 62 ማይል ነው፣ 50 ሲል 31። የአሜሪካ መኪና ላይ ያለችው የኪሎ ሜትር ቁጥር ደግሞ ከውስጥ በኩል በጥቃቅኑ የተጻፈች ናት፣ ልጁ እሷን ሲፈልግ ዓይኑ ከመንገዱ ይነሳል። አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ካየህም አትደናገር፣ እዚህ እግረኛ ቁልፍ ተጭኖ የሚያስቆመው መብራት ነው ማለት ነው። ማለፍ ትችላለህ፣ ግን መሻገሪያውን እያየህ።

ኢንሹራንስ ላይ የምሠራ

ሁለት ነገር ልጨምር። ከመሄድህ በፊት ለኢንሹራንስህ ደውልና የካናዳውን ካርድ ላኩልኝ በላቸው፣ ብዙ ሰው ቢጫው ካርድ የሚለው ነው። አብዛኛው የአሜሪካ ኢንሹራንስ ካናዳ ውስጥም ይሠራል፣ ካርዱ እዚያ ያለውን ትንሹን የሽፋን መጠን እንደምታሟላ ማሳያ ነው። በዚያው ስልክ «ልጄ ፐርሚት አለው፣ ስሙ ፖሊሲዬ ላይ አለ ወይ?» ብለህ ጠይቅ። ብዙ ወላጅ ልጁ ላይሰንስ እስኪያወጣ አያስመዘግብም፣ ነገሩ የሚታወቀው መኪና ከተጋጨ በኋላ ነው። ይሄ ካናዳ ባትሄዱም ያስፈልግሃል።

መኪናው ኪራይ ከሆነ ደግሞ ነገሩ አለቀ። ውሉ ላይ ስሙ ያልተጻፈ ሰው መሪ አይነካም፣ በፐርሚት የሚያከራይም የለም።

እህታችሁ ከታኮማ

ሁላችሁም ስለ መሪ ታወራላችሁ፣ ዋናው ፓስፖርት ነው! ግሪን ካርድ ብቻውን ካናዳ አያስገባም። ከ2022 ሚያዝያ ወር ጀምሮ ጊዜው ያላለፈበት የዜግነት ፓስፖርት ከግሪን ካርዱ ጋር ይጠይቃሉ። ቪዛ አያስፈልጋችሁም፣ ፓስፖርት ግን የግድ ነው። ስንቱ አበሻ የኢትዮጵያ ፓስፖርቱን ሻንጣ ሥር ከቶ ረስቶታል። ዛሬውኑ አውጥታችሁ ቀኑን እዩት፣ ማሳደስ ጊዜ ይወስዳል።

ልጁም ፓስፖርት ይያዝ። ከ16 ዓመት በታች ያለ የአሜሪካ ዜጋ በየብስ ሲመለስ የልደት ሰርተፍኬት ይበቃዋል፣ እሱ ግን 16 ሞልቶታል። ፐርሚቱ ድንበር ላይ እንደ ጉዞ ሰነድ አይቆጠርም። አንዳችሁ ከቀራችሁ ደግሞ የቀረው ወላጅ የፈቃድ ደብዳቤ ጽፎ ይስጥ።

ሾፌሩ

እኔ የማደርገውን ልንገርህ። ልጁ እስከ ቤሊንግሃም ይንዳ፣ 90 ማይል ገደማ ነው። ሁሉም ዋሽንግተን ውስጥ ስለሆነ ሰዓቱ ያለምንም ጥያቄ ይቆጠርለታል። እዚያ ነዳጅ ቅዱ፣ ቡና ጠጡ፣ መሪውን ተቀበሉት። ስትመለሱም እዚያው ስጡት፣ ያን ጊዜ ከመሸ ከ10ሩ የማታ ሰዓት ላይ ይቀንስለታል።

ድንበሩ ላይ ኦፊሰሩ የሚያናግረው ሾፌሩን ነው። የት ነው የምትሄዱት፣ ስንት ቀን፣ መኪናው የማነው፣ ምን ይዛችኋል ይላል። የኋላውን መስኮት ሳይቀር ዝቅ አድርጉ። ቋንጣም ሆነ ሌላ ሥጋ ከያዛችሁ ተናገሩ፣ መደበቅ ነው ጣጣ የሚያመጣው። ጫትማ ካናዳም ክልክል ነው፣ አደራ።

የሲያትል አባት

ተባረኩ። እናቱ አሁን «መጀመሪያም ብያለሁ» እያለች ነው። የመጨረሻ ጥያቄ፣ የአክስቴ ልጅ አብራን ልትሄድ ትፈልጋለች። የአሳይለም (የጥገኝነት) ኬዟ ገና አልተወሰነም፣ የሥራ ፈቃድ ብቻ ነው ያላት። በመኪና ስለሆነ ችግር አለው?

እህታችሁ ከታኮማ

በፍጹም አትውሰዷት! በመኪናም በአውሮፕላንም ያው ነው። አድቫንስ ፓሮል የሚባለውን ወጥቶ የመመለሻ ፈቃድ ሳትይዝ ከአሜሪካ ከወጣች ማመልከቻዋን ትታ እንደሄደች ሊቆጠርባት ይችላል። ለማንኛውም ጠበቃዋን ታናግር። እስከ ድንበሩ ልሸኛችሁ ካለችም ብሌን ከተማ ላይ በኤግዚት 276 ውጡና አውርዷት። የመጨረሻው መውጫ እሱ ነው፣ እሱን ካለፋችሁ መንገዱ ቀጥ ብሎ ካናዳ ነው የሚያስገባው።