አልትራሳውንዱ ላይ «ሎው ላይንግ ፕላሴንታ» ይላል፣ እንግዴ ልጁ ወረደ ማለት ነው? እርዱኝ

አዲስ አባት፦
ሰላም ቤተሰብ፣ በናታችሁ የምታውቁ ካላችሁ መልሱልኝ። ሚስቴ የ21 ሳምንት ነፍሰጡር ናት፣ የመጀመሪያችን ነው፣ ትናንት አልትራሳውንድ ታየች እና ሐኪሙ ወረፋ በዝቶበት «ደህና ነው፣ ደም ካየሽ ቶሎ ነይ» ብሎ ወረቀቱን ሰጥቶ ሸኛት። ቤት ገብተን ስናነበው ፖስቴሪየር ሎው ላይንግ ፕላሴንታ፣ ከኢንተርናል ኦስ 1.4 ሴንቲ ሜትር፣ ግሬድ 0፣ ስሪ ቬስል ኮርድ፣ ኖ ሪትሮፕላሴንታል ኮሌክሽን ይላል። ስልኬ ላይ ስተረጉመው ፕላሴንታን «እንግዴ ልጅ» አለኝ፣ እኔ ደሞ ሌላ ልጅ አለ እንዴ፣ መንታ ነው እንዴ ብዬ ልቤ ቀጥ አለ (አትሳቁብኝ)። የባሰው ደሞ አማቴ ሎው ማለት ዝቅ ያለ ነው ስላቸው «በቃ እንግዴ ልጁ ወርዶ ነው፣ ወጌሻ አሽቶ ከፍ ያድርግላት» ብለው ለቅዳሜ ቀጠሮ ይዘዋል። ሚስቴ ምንም አያማትም፣ ደምም አላየችም። ቃላቱን አንድ በአንድ የሚያስረዳኝ?

የሁለት እናት፦
ኧረ ወጌሻውን አስቀሩት!! ሌላው ይደርሳል፣ መጀመሪያ እሱን አስቀር። እኔም በመጀመሪያዬ እንዲሁ ተብዬ ነበር፣ በኋላ ሲታይ ርቆ ተገኘ፣ በምጥ ነው የወለድኩት።

ሳቂታው፦
መንታ ነው ብለህ ስንት ጥንድ ካልሲ ገዛህ ግን 😂

አዋላጇ፦
ሚድዋይፍ ነኝ፣ አንብቤ ላልፍ ነበር ወጌሻ የሚለውን ሳይ ቁጭ አልኩ። እንግዴ ልጅ ማለት ልጁ ከተወለደ በኋላ ተከትሎት የሚወጣው ነው፣ ቀኑ ሲደርስ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ክብና ጠፍጣፋ ነው፣ ላቲኖቹም ፕላሴንታ ያሉት ኬክ ስለሚመስል ነው። ከእናትየው ደም ኦክስጅንና ምግብ ተቀብሎ ለልጁ ያሳልፋል፣ የልጁን ቆሻሻ ደሞ መልሶ ለሷ ይሰጣል፣ የሁለቱ ደም ግን በስስ ግድግዳ ተለያይቶ ነው ያለው። እትብት ሌላ ነው፣ ልጁን ከእንግዴ ልጁ ጋ የሚያገናኘው ገመድ ነው። ስሪ ቬስል ኮርድ ያለህ እሱን ነው፣ ውስጡ ሁለት አርተሪና አንድ ቬን (የደም ስሮች ናቸው) ሲኖር ትክክለኛው ነው። (እዚህ ጋ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፣ ንፁህ ደም ለልጁ የሚያመጣው አርተሪው ሳይሆን ቬኑ ነው፣ ተማሪ እያለን ፈተና ላይ የሚጥለን እሱ ነበር።)

አሁን ወደ ዋናው። ሎው ላይንግ የሚለው የተጣበቀበትን ቦታ ነው እንጂ ከላይ ተነቅሎ ወረደ አይደለም። ኢንተርናል ኦስ የማህፀን በር የውስጠኛው አፍ ነው፣ የእንግዴ ልጁ ጠርዝ ከዛ አፍ 2 ሴንቲ ካልራቀ ሎው ላይንግ ይባላል፣ አፉን ራሱን ከሸፈነው ደሞ ፕሪቪያ። እስከ መጨረሻው ሸፍኖ ከቀረ ልጁ የሚወጣበት መንገድ የለም፣ በኦፕራሲዮን ነው። የናንተ አልሸፈነም። ማህፀኑ ሲያድግ የታችኛው ክፍል ይለጠጥና ጠርዙ ከአፉ እየራቀ ይሄዳል፣ በዚህ ሳምንት ዝቅ ብሎ ከሚታየው አብዛኛው መውለጃው ሲደርስ ርቆ ነው የሚገኘው። 32 ሳምንት አካባቢ ድጋሚ ትታይ፣ በብልት በኩል የሚደረገው አልትራሳውንድ በደንብ ይለካዋል፣ አትፍሩት።

ፖስቴሪየር ማለት በጀርባ በኩል ባለው ግድግዳ ነው የተጣበቀው፣ ችግር አይደለም። ግሬድ 0 ገና ለጋ ነው ማለት ነው፣ በ21 ሳምንት የሚጠበቀው ነው። ሪትሮፕላሴንታል ኮሌክሽን ከእንግዴ ልጁ ኋላ የተጠራቀመ ደም ነው፣ የለም መባሉ ጥሩ፣ ምክንያቱም ደም ከኋላው ከተጠራቀመ ልጁ ሳይወለድ መላቀቅ ጀምሮ ይሆናል፣ አብራፕሽን የምንለው። ወጌሻውን የምፈራው ለዚህ ነው፣ ግድግዳ ላይ የተጣበቀ ነገር በእሽት ከፍ አይልም፣ ሆድ ላይ ጫና ሲበዛ ግን ሊላቀቅ ይችላል።

አዲስ አባት፦
እግዜር ይስጥሽ ሲስተር፣ አሁን ነው የተነፈስኩት። ደም ካየች ግን እንዴት ነው የምለየው የትኛው እንደሆነ?

አዋላጇ፦
አንተ መለየት የለብህም፣ ደም ካለ ትንሽም ቢሆን፣ ቢቆምም፣ ሌሊትም ቢሆን ይዘሃት ሂድ። ለማወቅ ያህል፣ የፕሪቪያ ደም ብዙ ጊዜ ህመም የለውም ደማቅ ቀይ ነው፣ አብራፕሽን ደሞ ሆድ ጠንክሮ ያማል፣ ደሙም ውስጥ ሊቀር ይችላል። ስትደርሱ መጀመሪያ «እንግዴ ልጁ ዝቅ ያለ ነው ተብላለች» በሉ፣ አልትራሳውንድ ሳይታይ በጣት እንዳይመረምሯት። ስለ ግንኙነት ደሞ ሐኪሟን ጠይቁ፣ ይሄን ሰው አፍሮ አይጠይቅም።

የሁለት እናት፦
ከዚህ በፊት ኦፕራሲዮን አላት? እኔን በሁለተኛው እሱን ነበር ደጋግመው የጠየቁኝ።

አዋላጇ፦
ጥሩ አነሳሽ። የኦፕራሲዮን ጠባሳ ላይ ዝቅ ብሎ ከተጣበቀ ስር ሊሰድ ይችላል፣ አክሪታ ይባላል፣ ከወለደች በኋላ አልላቀቅ ይላል፣ ብዙ ደም ያፈሳል። የሷ የመጀመሪያ ስለሆነ ይሄ ስጋት በጣም ትንሽ ነው። የደም አይነቷ ግን ስንት ነው?

አዲስ አባት፦
ካርዷ ላይ ኦ ኔጌቲቭ ይላል። ምነው?

አዋላጇ፦
ይኸውልህ ዋናው ነገር ተደብቆ ነበር። ሾተላይ ሲባል ሰምተህ ይሆናል፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ይሄ ነው። እናት ኔጌቲቭ ሆና ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ፣ ስትደማ ወይ ስትወልድ የልጁ ደም ወደሷ ያመልጥና ሰውነቷ መከላከያ ይሰራበታል፣ የሚጎዳውም በአብዛኛው የሚቀጥለው ልጅ ነው። መድሃኒቱ አንቲ ዲ የሚባል መርፌ ነው፣ በ28 ሳምንት ይሰጣል፣ ከወለደች በኋላ ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ ደሞ በ72 ሰዓት ውስጥ። በመሀል ከደማችም እንደዛው፣ ስለዚህ እሷ ደም አይታ «ቆመ» ብላ ቤት መቀመጥ የለባትም። ሁሉም ጋ አይገኝም፣ ካሁኑ የት እንዳለ ጠይቅ። ያንተ ስንት ነው?

አዲስ አባት፦
አላውቀውም፣ ተመርምሬ አላውቅም።

አዋላጇ፦
ተመርመር። አንተም ኔጌቲቭ ከሆንክ ልጁም ኔጌቲቭ ነው የሚሆነው። ፖዘቲቭ ከሆንክ መርፌውን አትርሱ።

ሳቂታው፦
ቀልዴን ይቅር በሉኝ፣ እኔም የሚስቴን የደም አይነት አላውቅም፣ አሁን ልጠይቃት ነው።

አዲስ አባት፦
ለአማቴ አነበብኩላቸው፣ ወጌሻውን በስልክ አስቀሩት። አሁን የሚጠይቁት ሆስፒታል ስትወልድ እንግዴ ልጁን ይሰጡናል ወይ ነው፣ እሳቸው ቤት ወስደው ነበር የሚቀብሩት።

አዋላጇ፦
ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ከጠየቁ የሚሰጡ አሉ። ካልሆነ ብዙ ጤና ጣቢያ ግቢው ውስጥ ለሱ ብቻ የተቆፈረ ጉድጓድ አለው፣ እዛ ነው የሚገባው፣ ሜዳ ላይ አይጣልም በላቸው።

አዲስ አባት፦
እሺ። ነገ ጠዋት ላብራቶሪ እሄዳለሁ፣ ውጤቴን እዚሁ እፅፋለሁ።