የቼክ ኢንጂን መብራት ሲበራ፦ ኮድ ማንበቢያ፣ ቴስተር ወይስ ጋራዥ? (ጥቆማ)

በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ በእጃችን ያለውን ቪትዝ፣ ያሪስ ወይም ኮሮላ ረጅም ዓመት ማቆየት ግድ ሆኖብናል። ስለዚህ የሴንሰርና የኤሌክትሪክ ብልሽት ለመመርመር የትኛውን መሣሪያ መግዛት፣ የትኛው ባለሙያ ዘንድ መሄድ እንደሚሻል አዲስ አበባ ላሉ ባለመኪናዎች ያለኝን ጥቆማ ከነምክንያቱ አቀርባለሁ። ሁሉም የሚነሣው ከአንድ ነገር ነው፦ መብራቱ ሲበራ ኮምፒውተሩ የሚመዘግበውና በማንበቢያ የሚታየው ኮድ የተበላሸውን ዕቃ አይናገርም፤ የሚናገረው የሞተሩ ኮምፒውተር በየትኛው መስመር ላይ ያልጠበቀውን ነገር እንዳየ ብቻ ነው።

ለምሳሌ ፒ0118 የተባለው ኮድ በሞተር ውኃ ሙቀት ሴንሰር መስመር ላይ ቮልቴጁ ከልክ በላይ ከፍ ማለቱን ያመለክታል። ሴንሰሩ ከውስጥ ተቋርጦ ሊሆን ይችላል፤ ሽቦው ተበጥሶ ወይም ሶኬቱ ላልቶ ቢሆንም ግን የሚወጣው ኮድ ያው ነው። እንዲህ ያለ መቋረጥ ሲኖር ብዙ ቶዮታዎች ላይ ማንበቢያው ሙቀቱን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ብሎ ያሳያል። ሶኬቱ ተነቅሎ በሽቦው በኩል ያሉት ሁለት ጫፎች በአጭር ሽቦ ሲገናኙ ንባቡ ወዲያው ወደ 140 ዲግሪ ገደማ ከዘለለ፣ ሽቦውና ኮምፒውተሩ ደህና ስለሆኑ የሚቀየረው ሴንሰሩ ነው። ካልዘለለ ግን አዲስ ሴንሰር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ይህን ሙከራ የማያደርግ ጋራዥ የቱንም ያህል ውድ መሣሪያ ቢኖረው አልጠቁመውም።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድማችሁ የምትገዙት ዕቃ ኮድ ማንበቢያ ሳይሆን ተራ ዲጂታል ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ቢሆን እመርጣለሁ። ሞተሩ ጠፍቶ ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሞተሩ ሲሠራ ዲናሞው ከ13.5 እስከ 14.7 ቮልት ባለው ውስጥ መሙላት አለበት፤ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሣው) ሲያዞር ደግሞ ባትሪው ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም። ቮልቴጅ ሲወርድ ኮምፒውተሩ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ብዙ ኮዶችን በአንድ ጊዜ ሊያወጣ ስለሚችል፣ አምስት ኮድ ወጣ ተብሎ አምስት ሴንሰር ከመግዛት በፊት ባትሪውንና ዲናሞውን መለካት ይገባል። ሞተሩ እየሠራና መብራቶቹ በርተው፣ በባትሪው ኔጌቲቭ ራስና በሞተሩ ብረት መካከል ከ0.2 ቮልት በላይ ከተገኘ የኔጌቲቩ ገመድ ወይም ማሰሪያው መታየት አለበት። አምፖል ያለበትን የመሞከሪያ ብዕር ግን የሴንሰር ሽቦ ላይ አታስነኩ፤ የሚስበው ኤሌክትሪክ ኮምፒውተሩን ሊጎዳ ይችላል።

ሁለተኛው ዕቃ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኘው ኢኤልኤም 327 የተባለው ኮድ ማንበቢያ ነው። ዋጋው ዝቅተኛ ስለሆነ መኪናው ለሚያስቸግረው ሰው እጠቁመዋለሁ፤ ኮድ ከማንበብ ባሻገር ሴንሰሮቹ በዚያች ቅጽበት የሚልኩትን መረጃ ያሳያልና። ተራው ብሉቱዝ ከአይፎን ጋር ስለማይሠራ የአይፎን ባለቤቶች በዋይፋይ የሚገናኘውን ወይም ለአይፎን የተሠራውን ይምረጡ። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ የቆዩ ቪትዞች ላይ፣ መሰኪያው ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ፣ ጨርሶ መልስ ላያገኝ ስለሚችል ከመክፈላችሁ በፊት በራሳችሁ መኪና ላይ ሞክሩት። ስትጨርሱም ንቀሉት፤ መሰኪያው ሞተሩ ጠፍቶም ኤሌክትሪክ ስላለው ባትሪ ይጨርሳል።

የራሳቸው ስክሪን ያላቸው እንደ ላውንች ያሉ የእጅ ማንበቢያዎች የበለጠ አስተማማኝ ናቸው፤ ነገር ግን አንድ መኪና ብቻ ላለው ሰው ዋጋቸው አይመጥንም።

ወደ ጋራዥ ስንመጣ፣ የኤርባግ፣ የኤቢኤስ (ጎማ በፍሬን እንዳይቆለፍ የሚያደርገው)፣ የቁልፍ ኮድና የሃይብሪድ ችግር ሲሆን ለቶዮታ ወኪሉን ሞኤንኮን፣ ለሂዩንዳይ ወኪሉን ማራቶንን አስቀድማለሁ፤ እንዲህ ያለው ሥራ የአምራቹን መሣሪያና የሽቦ ንድፍ ይፈልጋል። የዲናሞ፣ የሞተሪኖ፣ የሪሌ ወይም የተቃጠለ ሽቦ ጉዳይ ከሆነ ግን ልምድ ያለው የመኪና ኤሌክትሪሺያን ፈጥኖና በአነስተኛ ዋጋ ይጨርሰዋል። በእነዚህ መካከል ያለው፣ ላውንች ወይም አውቴል የያዘው የግል ጋራዥ፣ ከባለሙያ ባለሙያ ስለሚለያይ በአሠራሩ መዝኑት። ኮዱን ከማጥፋቱ በፊት ይጽፈዋል? ኮዱ በወጣበት ቅጽበት የተመዘገበውን የፍጥነትና የሙቀት መረጃ ያያል? ወደ ሴንሰሩ የሚሄደውን 5 ቮልት ይለካል? መጀመሪያ የባትሪ ገመድ ነቅሎ መብራቱን የሚያጠፋ ሰው ምርመራ የሚካሄድበትን ማስረጃ አጥፍቷል።

ለአዲስ አበባ አንድ ተጨማሪ መመዘኛ አለኝ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች፣ ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሣ የአየር ግፊት ሴንሰሩ ማሳየት ያለበት 77 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው። በመጽሐፍ የሚገኘው 101 የባሕር ወለል ቁጥር ነው። ንባቡ ከ101 በታች ስለሆነ ብቻ «ሴንሰሩ ሞቷል» የሚላችሁ ባለሙያ ዕቃ ሊያስገዛችሁ ነውና ሌላ ሰው አማክሩ።

ዕቃ መቀየር ግድ ሲሆን የአየር መጠን ሴንሰርን በተመለከተ፣ አምራቹ ከማይታወቅ አዲስ ይልቅ ቁጥሩ ከአሮጌው ጋር የሚገጥም፣ ከሱማሌ ተራ የተገኘ ያገለገለ ዴንሶ እመርጣለሁ፤ ሻጩ ገጥማችሁ እንድትሞክሩት ከፈቀደ ማለቴ ነው። ያም ቢሆን ፒ0171 (ነዳጁ ከአየሩ አንጻር አንሷል የሚለው ኮድ) ስለወጣ ብቻ አትግዙት፤ ከአየር ፊልትሮው በኋላ ያለ የተሰነጠቀ ጎማ፣ ደካማ የነዳጅ ፓምፕ ወይም አቧራ የያዘው ሴንሰር ራሱ ያንኑ ኮድ ያወጣል፤ አቧራው ደግሞ ለዚሁ በተሠራ ስፕሬይ ይጸዳል። የኦክስጅን ሴንሰር በአገልግሎት ብዛት የሚያልቅ ስለሆነ ያገለገለ አይገዛም፤ እሱን አዲስና ኦሪጅናል ካላገኛችሁ ጥቂት ቆዩ።