አባቴን ከብቸኝነት እንዴት ላውጣቸው?

ሰላም ለሁላችሁ። ምክራችሁን ፈልጌ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ ከቤት መውጣት ትተዋል። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሳያዛንፉ ይወስዳሉ፤ ግፊቱ ግን አልወርድ ብሏል። እንቅልፍም እምቢ ብሏቸዋል። ሐኪማቸው መድኃኒቱን ካስተካከሉ በኋላ «ሰው አይራቃቸው» አሉኝ።

እኔ እንደ ማጽናኛ ነበር የሰማሁት። ሳነብ ግን ነገሩ የምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ አንድ ትንታኔ 148 ጥናቶችንና ከ300 ሺህ በላይ ሰዎችን አንድ ላይ አይቷል። ጠንካራ ማኅበራዊ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ጭንቀቴ ባሰ።

ስደውል የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነስ ያደርጉና «ደህና ነኝ፣ አታስብ» ብለው ይዘጉታል። የድሮ ጓደኞቻቸውን ይዤ ስሄድ ደግሞ ራሴን አሞኛል ብለው መኝታ ቤት ይገባሉ። ድሮ እኮ ጨዋታ አዋቂ ነበሩ! መጫን አልፈልግም፤ ዝም ብዬ ማየትም አልቻልኩም።

በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ በምን ጀመራችሁ? አብሮ ወክ ማድረግ ይሻላል ወይስ የእሳቸውን እርዳታ የሚፈልግ ሥራ መስጠት? ሐዘናቸውን ሳልነካባቸው እንዴት ላግባባቸው?