ቮልሷ ቤንዚን ታንጠባጥባለች፤ ካርቡሬተሩን ልቀይረው?

የአባቷ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ የተወልኝ ቮልስ አለችኝ፤ 1300፣ በፈረንጆቹ የ1967 ሞዴል፣ ካርቡሬተሯ (ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው) ሶሌክስ 30 ፒክት የሚባለው ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት የቤንዚን ፓምፑ ስለደከመ በአዲስ አስቀየርኩት። ከዚያ ወዲህ ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች። ትናንት የኋላ ኮፈኑን ከፍቼ ሳይ ካርቡሬተሩ ከክዳኑ በታች ርሷል፤ ቤንዚኑ የወረደበት መስመር ላይ የስንት ዘመን ቆሻሻ ታጥቦ ብረቱ ነጥቷል። ጠዋት ለማስነሳት ታስቸግራለች፣ ከተነሳች በኋላ ጥቁር ጭስ ትለቃለች። መካኒኩ «ጓርኒሲዮኑ ነው» (ክዳኑ መጋጠሚያ ላይ ያለው ማሸጊያ) ብሎ ሲሊኮን ቀባው። ሁለት ቀን አልቆየም። ካርቡሬተሩን በሙሉ ልቀይረው ወይስ የሚድን ነገር ነው?

ሽቅብ ቁልቁል
እህቴ፣ ሞተሩ ጠፍቶም ያንጠባጥባል? ማታስ የምታቆሚያት ሜዳ ላይ ነው ዳገት ላይ? የኔዋ ፊቷ ወደ ዳገቱ ዞሮ ስታድር ነበር የምታፈስሰው። ታንኩ ፊት ነው፣ ሞተሩ ኋላ። ፊቷ ከፍ ሲል ቤንዚኑ ማንም ሳይገፋው በፓምፑ ውስጥ አልፎ ወደ ካርቡሬተሩ ይወርዳል።

የአባቷ ልጅ
ኧረ በትክክል! ግቢያችን ዳገት ነው፣ ፊቷን ወደ ላይ አድርጌ ነው የማቆማት። ጠዋት ሲሚንቶው ላይ መዳፍ የሚያህል እርጥበት አገኛለሁ። ሞተሩ ሲሠራም ከክዳኑ መጋጠሚያ ይወጣል።

ጡረተኛው መካኒክ
ልጄ፣ ካርቡሬተር እንዳትገዢ። ሞተሩንም ለጊዜው እንዳታስነሺ። መጀመሪያ የዘይት መለኪያውን አውጥተሽ አሽቺው። ቤንዚን ከሸተተ ወይም ዘይቱ ከመስመሩ በላይ ከሆነ፣ ሌሊት የወረደው ቤንዚን ሞተሩ ውስጥ ገብቷል። እንዲህ የቀጠነ ዘይት አያለሰልስም፤ ክራንኩን፣ ሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከረውን ዋናውን ዘንግ፣ ነው የሚበላው። ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ነው፣ አትሳሺለት፣ ቀይሪው።

አሁን ወደ ጓርኒሲዮኑ። ቤቷ ጣሪያ ላይ ሮቶ ያላት ሰው ይሄ ይገባታል። ሮቶው ሞልቶ ሲፈስ ክዳኑን ሲሊኮን አትቀቢም፤ ውሃውን መዝጋት ያቃተውን ነገር ታያለሽ። ካርቡሬተሩም ውስጥ አንድ ተንሳፋፊ አለ። ቤንዚኑ ሲሞላ ተንሳፋፊው ከፍ ብሎ ትንሽ መርፌ ይገፋል፣ መርፌው መግቢያውን ይዘጋል። ጓርኒሲዮኑ ጋ ቤንዚን ከደረሰ መርፌው አልዘጋም ማለት ነው። ሲሊኮኑን ግን ጠርገሽ አውጪው። ቤንዚን ያሟሟዋል፣ ፍርፋሪው ደግሞ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል።

ሞተሩ ሲበርድ የባትሪውን ገመድ ንቀይ። ክዳኑን የያዙት አምስት ብሎኖች ናቸው፣ በካቻቢቴ ይፈታሉ። ክዳኑን ገልብጪው። መርፌውን በጣትሽ ጫፍ ቀስ ብለሽ ጫን አድርጊና በቤንዚን መግቢያው በኩል ንፊ፤ አፍሽን በቀጥታ ሳታስነኪ፣ ንጹሕ የፕላስቲክ ቱቦ ሰክተሽ። አየር ካለፈ መርፌው ቆሽሿል ወይም ተበልቷል። ከዚያ ተንሳፋፊውን ጆሮሽ ጋ አድርገሽ አናውጪው። ውስጡ ፈሳሽ ከጮኸ ተበስቷል። ካልጮኸም ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከሪው፤ አረፋ ከወጣ ያው ነው።

ቀይ ቮልስ
በጋሼ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ችግሩ ፓምፑ ሲቀየር አይደል የጀመረው? አሁን የሚመጡት አዳዲስ ፓምፖች አንዳንዶቹ ግፊታቸው ከልክ ያለፈ ነው። ይቺ ካርቡሬተር ከ3 ፒ.ኤስ.አይ (የግፊት መለኪያ ነው) ብዙም በላይ አትችልም፤ ጤነኛ መርፌም ቢሆን ይሸነፋል። እኔ ከፓምፑ ሥር ሁለት ተጨማሪ ጓርኒሲዮን አስገብቼ ነው ያበረድኩት። ፓምፑ ከፍ ሲል የሚገፋው ዘንግ ምቱ ያጥራል፣ ግፊቱም ይወርዳል።

ጡረተኛው መካኒክ
ልክ ነው፣ ግን መርፌው ይቅደም። ጠፍታ እያደረች የምታፈስሰውን የፓምፕ ግፊት አያስረዳም።

የአባቷ ልጅ
ዛሬ ጠዋት ከወንድሜ ጋር ፈታነው። ዘይቱ እውነትም ቤንዚን ይሸታል፣ ቀየርነው። ተንሳፋፊው ደህና ነው። መርፌው ሥር ግን ጥቁር ፍርፋሪ አገኘን፣ የጤፍ ፍሬ የሚያህል። በጣቴ ሳሸው ጎማ ነው። ፓምፑ ሲቀየር አሮጌውን ቱቦ መልሰው ነው የሰኩት፤ ቀደን ስናየው ውስጡ ተልጧል።

ሌላም ነገር አለ። ቱቦው የሚሰካባትን የነሐስ ቧንቧ ስነካት በእጄ ዞረች። እንዲህ መሆን አለባት?

ጡረተኛው መካኒክ
በፍጹም! ጎበዝ፣ ነገርሽን። እሷ ቧንቧ ተጠቅጥቃ የገባች እንጂ ብሎን የላትም። በኋላ ትላላለች፣ አንድ ቀን ከነቱቦዋ ትወጣለች፣ ፓምፑም ቤንዚኑን ውጭ ይረጨዋል። እሳት የሚያነሳው ዲስትሪቢዩተር እዚያው ሥር ነው። የቮልስ ሞተር አካሉ ማግኒዥየም ነው፤ እሱ አንዴ ከተቀጣጠለ ውሃ ያባብሰዋል። ክዳኑን ይዘሽ ቶርኖ ቤት ሂጂና ጥርስ አውጥተው በብሎን የምትገባ ቧንቧ ይሥሩልሽ። በማስቲሽ እንዳያታልሉሽ።

ሽቅብ ቁልቁል
መርፌውንም ቀይሪው፣ ብዙ ብር አይደለም። ሶማሌ ተራ ስትሄጂ አሮጌውን ይዘሽ ሂጂ፣ ቀዳዳው 1.5 ሚሊሜትር የሆነውን ነው የምትፈልጊው። ከሥሩ ያለችውን ሮንዴላ (ቀለበቷን) እንዳትጥያት! ውፍረቷ ነው የቤንዚኑን ከፍታ የሚወስነው።

የአባቷ ልጅ
ከአራት ቀን በኋላ ተመልሻለሁ። ቧንቧዋ በብሎን ገባች፣ መርፌው አዲስ ነው፣ ቱቦውም አዲስ፤ ከፓምፑ በፊት ፊልትሮ ጨመርን። ጥቁሩ ጭስ የለም። ጓርኒሲዮኑ ደረቅ ነው። ረጅም መንገድ ስነዳት ግን ትንሽ ሽታ አለ።

ቀይ ቮልስ
አላልኩም? ፓምፑን አስለኪው።

ጡረተኛው መካኒክ
አሁን እሱ ትክክል ነው፣ ግፊቱን አስለኪ። እስከዚያው ማታ ፊቷን ወደ ቁልቁሉ አዙረሽ አቁሚያት። ከጎማው ሥርም ድንጋይ አትርሺ፤ የቮልስ የእጅ ፍሬን አይታመንም።