የጥናት መሪ ሲቀየር ውሳኔው የማን ነው?

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር፣ በጣና ዓሣ ላይ በሚካሄድ የረጅም ዘመን ጥናት የመረጃ ኃላፊ ነኝ። ጥናቱን የጀመሩት ፕሮፌሰር ጡረታ ወጡ፤ አዲሱ መሪ የመረቡን ዓይን ስፋትና የናሙና ወራቱን ሊቀይሩ አስበዋል። መረቡስ ይሁን፣ አሮጌውንና አዲሱን ለአንድ ዓመት ጎን ለጎን መጣል ይቻላል። ነጭ ዓሣ ግን እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች የሚወጣው በክረምት ነው፤ እነዚያን ወራት ከዘለልን የቀድሞው መረጃ ከምን ጋር ይነጻጸራል?

የባሰው፣ ማን እንደሚወስን የተጻፈ ነገር የለም። ዓሣ አስጋሪዎቹ የፈቀዱት ለፕሮፌሰሩ ይሁን ለተቋሙ እንኳን አልሰፈረም። የአሜሪካው የፍራሚንግሃም የልብ ጥናት ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መሪዎች እየተፈራረቁበት ቀጥሏል፤ እኛ በመጀመሪያው ርክክብ ተንገዳገድን!

ከመሪው በላይ የሆነ የጥናት ቦርድ ያቋቋማችሁ ካላችሁ፣ አባላቱን ማን ሾመ? የጥናት ዘዴ ለመለወጥስ ምን ያህል ድምፅ ትጠይቃላችሁ? የመተዳደሪያ ደንባችሁን ብታካፍሉኝ ውለታችሁን አልረሳም። ርክክቡ ከክረምቱ በፊት ነው።