ከአባቴ ጋር የማየው የድሮ ፊልም ጠቁሙኝ

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ማታ ማታ አብረን ፊልም እናያለን። ችግሩ እንግሊዝኛው ብዙም አይገባውም፤ ከስር የሚጻፈውም ቶሎ ቶሎ ያልፈዋል። እኔ ላስረዳው ስል ደግሞ ሁለታችንም ያመልጠናል። የአሁኖቹን ፍንዳታ ስለሚበዛባቸው አይወድም። ወጣት ሳለ ለህንድ ፊልም ሲኒማ ቤት በር ላይ ይሰለፍ ነበር። ከየትኛው ብንጀምር ይሻላል?

መልስ 1፦
እህቴ፣ ንግግር ከሌለው ጀምሩ። የቻርሊ ቻፕሊን «ሲቲ ላይትስ» እ.ኤ.አ. በ1931 ሲወጣ የሚናገር ፊልም ከመጣ ዓመታት አልፈዋል። ቻፕሊን ግን አሻፈረኝ አለ፤ ያለ ንግግር ሠራው። ዓይነ ስውሯ አበባ ሻጭ ድሃውን ሰውዬ ሀብታም ነው ብላ የምታስበው የመኪና በር ሲዘጋ ሰምታ ነው። ይህን ያለ አንድ ቃል ማስረዳት ቀላል አይደለም፤ ያቺን ትዕይንት ደጋግሞ ደጋግሞ ነው ያስቀረጻት። መጨረሻውን አልነግርሽም። የቻፕሊንን ፊት ብቻ እዩ።

ቀጥሎ የቪቶሪዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች»፣ ጣሊያን፣ 1948። ለኔ ከዚህ የሚበልጥ ፊልም የለም። ሰውዬው ሥራ አገኘ፣ ሥራው ብስክሌት ይፈልጋል፣ ብስክሌቱ ተሰረቀ። በቃ፣ ይኸው ነው። ዋናውን ሰው ሆኖ የሚሠራው የፋብሪካ ሠራተኛ እንጂ ተዋናይ አልነበረም፤ አረማመዱ ራሱ ያስታውቃል። መጀመሪያ አካባቢ ሚስትየው ብስክሌቱን ከመያዣ ለማስለቀቅ የአልጋ አንሶላዎቿን ገፋ ትወስዳለች። ሠራተኛው ጥቅሉን ተሸክሞ መደርደሪያው ላይ ይወጣል። ይወጣል፣ ይወጣል። እስከ ላይ ድረስ የሰው አንሶላ ነው! የሮም ሕዝብ በሙሉ አንሶላውን አስይዟል ማለት ነው፣ ግን ማንም አፍ አውጥቶ አይናገረውም። ትንሹ ልጅ ብሩኖ ደግሞ ምግብ ቤት ውስጥ የሀብታሙን ልጅ አበላል ሰረቅ አድርጎ ሲያይ አንጀት ይበላል። አባትሽ ያለ አስተርጓሚ ይረዱታል።

«ማዘር ኢንዲያ»ን (1957) አይተውት ይሆናል፤ ይድገሙት። ናርጊስ ማረሻውን ራሷ ስትጎትት ያየ ሰው አይረሳትም። እሳቸው የማያውቁት ከሆነ ይህንንም ንገሪያቸው፦ በቀረጻው ወቅት እሳት ተነስቶ፣ በፊልሙ ልጇን ሆኖ የሚሠራው ሱኒል ዳት ነው ከእሳቱ ያወጣት። በኋላ ተጋቡ።

«ካዛብላንካ» (1942) ወሬ ይበዛዋል። ግን የጀርመን መኮንኖች ሲዘፍኑ ቤቱ ሙሉ በፈረንሳይ መዝሙር የሚያፍንበትን ቦታ ብቻ አሳያቸው። እዚያ ውስጥ ብዙዎቹ ተዋንያን በእውነትም ከናዚ የሸሹ ስደተኞች ነበሩ።

መልስ 2፦
«12 አንግሪ ሜን»ን እንዴት ትዘለዋለህ? የምንጊዜም ምርጥ እሱ ነው።

መልስ 1፦
እኔም እወደዋለሁ ወንድሜ። ክርክሩ እየከረረ ሲሄድ ካሜራው ዝቅ እያለ፣ ክፍሉም የጠበበ እየመሰለ ይመጣል፤ ትልቅ ሥራ ነው። ግን 12 ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሲከራከር ነው የሚያልቀው። ንግግሩ ካልተያዘ ምን ይቀራል? ለእሳቸው አይሆንም።

መልስ 3፦
የራሳችንን ለምን ረሳችሁት? የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በአማርኛ ነው።

መልስ 1፦
እውነትህን ነው፣ እሱ መቅረት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1974፣ ልክ ሥርዓቱ ሲናወጥ፣ በሁለት ሳምንት ነው የተቀረጸው። ገበሬዎቹም እውነተኛ ገበሬዎች ናቸው። ባለርስቱ ባርኔጣውን ደፍቶ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሲያዝና ሲሳደብ ደም ያፈላል። እህቴ፣ ይህኛው ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ አባትሽ ሳይደክማቸው በጊዜ ጀምሩት። ያንን ዘመን ስለሚያውቁት መሀል ላይ ወሬ ይጀምሩ ይሆናል። አቁሚውና አዳምጪያቸው።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ዓርብ በቻፕሊን እንጀምራለን። አባባ ግን «ጦርነት ያለበትስ?» እያለ ነው።

መልስ 1፦
የአኪራ ኩሮሳዋ «ሰባቱ ሳሙራይ»፣ ጃፓን፣ 1954። ሽፍታ ያስቸገራቸው ገበሬዎች ሩዝ እያበሉ ተዋጊ ይቀጥራሉ። ዝናብና ጭቃ ውስጥ ያለው የመጨረሻው ውጊያ ዛሬም አቻ የለውም። ወደ ሦስት ሰዓት ተኩል ስለሚወስድ መሀሉ ላይ የራሱ እረፍት አለው። እዚያ ጋ ቁረጡትና ሌላውን በማግስቱ እዩት።