አኳሪየም (የውሃ እንስሳት ማሳያ) በኔት ለማሳየት የሞከራችሁ መምህራን፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ እንዴት ናችሁ? ደቡብ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ የሳይንስ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ ዓሣዎቹን፣ ቆሮሶና አምባዛን፣ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ጄሊፊሽን፣ ያቺን ጃንጥላ የምትመስል የባሕር እንስሳ፣ ግን የሚያውቋት በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ ነው። ካሊፎርኒያ ያለው የሞንተሬይ ቤይ አኳሪየም ካሜራ ገንዳዎቹ ላይ ደግኖ በነፃ በቀጥታ ያስተላልፋል። እሱን ላሳያቸው ብዬ ነበር።

ሰዓቱ አልገጥም አለኝ። እነሱ ከእኛ 10 ወይም 11 ሰዓት ወደኋላ ናቸው። ጠዋት 3 ሰዓት ክፍል ስገባ እዚያ ሌሊት ነው። እዚያ ሲነጋ ደግሞ እዚህ ልጆቹ ከብት ሊያስገቡ ሄደዋል። ምሥራቅ አሜሪካ አትላንታ ያለው የጆርጂያ አኳሪየምም በ7 ወይም በ8 ሰዓት ስለሚለይ የከሰዓት ፈረቃ ቢሆን ይሻል ነበር፤ የእኔ ፈረቃ ጠዋት ነው።

ኔቱን ተዉት። በስልኬ ሆትስፖት ከፍቼ የተቀዳ ቪዲዮ ሞክሬ ነበር። ጄሊፊሿ ጃንጥላዋን ዘርግታ መሃል ላይ ቀጥ! ያቺ ክብ ነገር ብቻ ትሽከረከራለች። ከኋላ አንዱ «ቲቸር፣ ሞተች እንዴ?» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ቀድሜ አውርጄ በፍላሽ የማሳየው፣ ለትምህርት የተፈቀደ አጭር ቪዲዮ የት አገኛለሁ? የአማርኛ ማብራሪያ ያለው ቢሆን ደግሞ እሰየው። ከሌለም አብሽሩ፣ ድምፁን አጥፍቼ ራሴ አስረዳለሁ። ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ መምህራን፣ ሞክራችሁ የተሳካላችሁ ካላችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ። ፕሮጀክተር አለን፣ መብራት ካልጠፋ።